የዚንክ ኦክሳይድ ደቃቅ ክሪስታሎች አበቃቀልና የሚሰጡት ብርሃን

መግቢያ

በብዙ የኬሚስትሪ መማሪያ መጻሕፍት ስለ ዚንክ ኦክሳይድ የሚነገረው በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ነጭ ዱቄት መሆኑ ይጠቀሳል፤ ሲግል ወደ ቢጫ ተለውጦ ሲቀዘቅዝ ወደ ነጭነቱ መመለሱም ይገለጻል። ተማሪው ይህንን በቃሉ ያጠናል፤ በፈተናም ይጠየቃል። ለምን ቢጫ እንደሚሆንና ለምን እንደሚመለስ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነገረውም።

ውሁዱ ለተማሪው እንግዳ አይደለም። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ከዝገት የሚጠበቀው በዚንክ በመለበጡ ሲሆን፣ ዚንኩን አየር ሲነካው በመጀመሪያ የሚፈጠረው ስስ ሽፋን ይኸው ኦክሳይድ ነው። በመድኃኒት ቤት ለቆዳ የሚሸጠው ነጭ የዚንክ ቅባትና ብዙዎቹ የፀሐይ መከላከያ ቅባቶችም ይህንኑ ዱቄት ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 የሆንግ ኮንግና የጃፓን ተመራማሪዎች ከዚንክ ኦክሳይድ ደቃቅ ክሪስታሎች በተሠራ ስስ ንጣፍ ላይ፣ ልዩ ማቀዝቀዣ ሳያስፈልግ፣ የሌዘር ብርሃን ማግኘታቸውን ካሳወቁ ወዲህ ደግሞ ይህ ተራ ዱቄት በፊዚክስ ቤተ ሙከራዎች ዘንድ ብርቱ ትኩረት አግኝቷል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ዓይነት ፎርሙላ ያለው ውሁድ እንደ አበቃቀሉ የተለያየ ብርሃን የሚሰጥበትን ምክንያት ማስረዳትና፣ ከዚህም ለሳይንስ ትምህርት ዝግጅት ምን ቁም ነገር እንደሚገኝ ማመልከት ነው።

የክሪስታሉ አቋም

በዚንክ ኦክሳይድ ክሪስታል ውስጥ እያንዳንዱ የዚንክ አቶም በአራት የኦክሲጅን አቶሞች፣ እያንዳንዱም የኦክሲጅን አቶም በአራት የዚንክ አቶሞች ተከቦ ይገኛል። የዚንክና የኦክሲጅን ንጣፎች እየተፈራረቁ በአንድ ዘንግ አቅጣጫ ይደረደራሉ። ከዚህ የተነሣ የክሪስታሉ አንደኛው ጫፍ በዚንክ፣ ሌላኛው ጫፍ በኦክሲጅን ያልቃል። በጎን ያሉት ስድስት ፊቶች ግን ሁለቱንም አቶሞች በእኩል መጠን ይይዛሉ።

ይህ ልዩነት የክሪስታሉን መልክ ይወስናል። ጫፎቹ ባለ ኤሌክትሪክ ሙል በመሆናቸው አዳዲስ አቶሞችን ፈጥነው ይቀበላሉ፤ ጎኖቹ ግን ረጋ ያሉ ስለሆኑ ዕድገታቸው አዝጋሚ ነው። በማንኛውም ክሪስታል ፈጥኖ የሚያድገው ፊት እየጠበበ ይሄዳል፤ ዝግ ብሎ የሚያድገው ፊት ይሰፋል። ስለዚህ ዚንክ ኦክሳይድ በነጻነት ሲበቅል፣ እንደ እርሳስ ስድስት ጎን ያለው ረጅም ዘንግ ይሆናል። የዘንጉ ውፍረት ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ አሥር ማይክሮሜትር ይደርሳል። አንድ ማይክሮሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው፤ የሰው ጠጉር በአማካይ ሰባ ማይክሮሜትር ያህል እንደሚወፍር ቢታሰብ የዘንጎቹ መጠን ይገመታል።

ሁለቱ የአበቃቀል መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ከተን ማብቀል ነው። ዚንክ ኦክሳይድ ብቻውን ወደ ተን እንዲለወጥ እጅግ ከፍተኛ ሙቀት ያስፈልገዋል። የከሰል ዘር ከሆነው ከግራፋይት ዱቄት ጋር በእኩል መጠን ተቀላቅሎ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲግል ግን ካርቦኑ ኦክሲጅኑን ይነጥቀዋል፤ በዚህም ካርቦን ሞኖክሳይድና የዚንክ ተን ይገኛሉ። ዚንክ በ907 ዲግሪ የሚፈላ ብረት ስለሆነ በዚህ ሙቀት በቀላሉ ይተንናል። ተኑ እንደ አርጎን ባለ ዝምተኛ ጋዝ እየተነዳ በምድጃው ቱቦ ውስጥ ወዳለው ቀዝቀዝ ያለ ስፍራ ይሄዳል፤ በዚያም ከጥቂት ኦክሲጅን ጋር እንደገና ተዋሕዶ በተዘጋጀለት ሰሌዳ ላይ ክሪስታል ሆኖ ይበቅላል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የበርክሌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 በዚህ መንገድ፣ ስስ ወርቅ በተቀባ የሳፋየር ሰሌዳ ላይ፣ ከማይክሮሜትር እጅግ የቀጠኑ ዘንጎችን አብቅለው በ385 ናኖሜትር አካባቢ የሌዘር ብርሃን አግኝተዋል።

ሁለተኛው መንገድ ከውሃ ውስጥ ማብቀል ነው። ዚንክ ናይትሬትና ሄክሳሚን በውሃ ሟምተው ወደ 90 ዲግሪ ሲሞቁ፣ ሄክሳሚኑ ቀስ በቀስ እየተበተነ አሞኒያ ይለቃል። አሞኒያው ውሃውን ወደ አልካላይነት ሲያዘነብለው በውሁዱ ውስጥ የነበረው ዚንክ ከኦክሲጅን ጋር እየተጣመረ ይዘቅጣል። የዚህ ዘዴ ምስጢር ዝግተኛነቱ ነው። አሞኒያ በአንድ ጊዜ ቢጨመር የሚገኘው ቅርጽ የለሽ ዝቃጭ ይሆን ነበር፤ በሰዓታት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ሲገኝ ግን አቶሞቹ ቦታቸውን ለመያዝ ፋታ ያገኛሉ፤ ዘንጎቹም ስድስት ጎናቸውን ይዘው ይወጣሉ።

የሁለቱ መንገዶች ውጤት በፎርሙላ አንድ ነው። ነገር ግን አንደኛው በኃይለኛ ግለትና ኦክሲጅን ባነሰበት አየር፣ ሁለተኛው በውሃ ውስጥና በዝቅተኛ ሙቀት ያደገ ነው። ይህ የአስተዳደግ ልዩነት በክሪስታሉ ውስጥ ታትሞ ይቀራል፤ የሚታወቀውም ክሪስታሉ በሚሰጠው ብርሃን ነው።

ብርሃኑ ከየት ይመጣል

በክሪስታሉ ውስጥ ኤሌክትሮኖች የሚገኙባቸው የጉልበት እርከኖች አሉ። ታችኛው እርከን በኤሌክትሮኖች የተሞላ ነው፤ ላይኛው ባዶ ነው። በሁለቱ መካከል ንጹሕ በሆነ ክሪስታል ውስጥ ምንም ኤሌክትሮን ሊያርፍበት የማይችል ክፍተት አለ። በዚንክ ኦክሳይድ የዚህ ክፍተት ስፋት በክፍል ሙቀት 3.3 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነው። ጉልበትን ወደ ሞገድ ርዝመት ለመለወጥ 1240ን ለኤሌክትሮን ቮልቱ ማካፈል ይበቃል፤ ውጤቱ በናኖሜትር ይገኛል። 1240 ለ3.3 ሲካፈል 376 ይሆናል። የሰው ዓይን የሚያየው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለውን ብርሃን በመሆኑ፣ 376 ናኖሜትር በአልትራ ቫዮሌት ክልል ውስጥ ነው።

ከዚህ ስሌት ብቻ ብዙ ነገር ይገለጣል። ዓይን የሚያየው ብርሃን ሁሉ ክፍተቱን ለመሻገር ጉልበት ስለሚያንሰው ክሪስታሉ አይውጠውም፤ ስለዚህ ንጹሑ ክሪስታል እንደ መስታወት ብርሃን ያሳልፋል፤ ዱቄቱም ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትን ነጭ ሆኖ ይታያል። አልትራ ቫዮሌት ጨረርን ግን ይውጣል፤ ለፀሐይ መከላከያ ቅባት የተመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው። ክሪስታሉ ሲግል ክፍተቱ ይጠባል፤ በዚያን ጊዜ ወይን ጠጅና ሰማያዊ ብርሃን መዋጥ ይጀምራል፤ ከነጩ ብርሃን እነዚህ ሲጎድሉ ለዓይን የሚተርፈው ቢጫ ነው። በግለቱ ጊዜ ከክሪስታሉ ጥቂት ኦክሲጅን መልቀቁም ለቢጫነቱ አስተዋጽኦ ያደርጋል። ሲቀዘቅዝ ክፍተቱ ወደ ቀድሞ ስፋቱ ስለሚመለስ ዱቄቱም ይነጣል። እንግዲህ በመማሪያ መጻሕፍት በቃል የሚጠናው የቀለም ለውጥ በአንድ የማካፈል ስሌት ሊገለጽ የሚችል ነገር ነበር።

አሁን ጉልበቱ በቂ በሆነ ጨረር፣ ለምሳሌ በቤተ ሙከራዎች በሚሠራበት በ325 ናኖሜትር ሌዘር፣ ክሪስታሉ ቢመታ ኤሌክትሮኖች ወደ ላይኛው እርከን ይዘላሉ፤ በታች ባዶ ስፍራ ይተዋሉ። ኤሌክትሮኑ ወደ ባዶ ስፍራው ሲመለስ ጉልበቱን በብርሃን መልክ ይሰጣል። የሚመለሰው በሁለት ዓይነት መንገድ ነው። አንደኛው ሙሉውን ክፍተት በአንድ ጊዜ መውረድ ሲሆን ወደ 380 ናኖሜትር የሚጠጋ አልትራ ቫዮሌት ብርሃን ያስገኛል። በዚንክ ኦክሳይድ ውስጥ ኤሌክትሮኑና ባዶ ስፍራው ከመገናኘታቸው በፊት ተሳስበው ጥንድ ይሆናሉ፤ ጥንዱን ለመለያየት 0.06 ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል። በክፍል ሙቀት ያለው የሙቀት ንዝረት ጉልበት 0.025 ያህል ብቻ ስለሆነ ጥንዱ አይፈርስም። ዚንክ ኦክሳይድ ያለ ማቀዝቀዣ ብሩህ አልትራ ቫዮሌት የሚሰጠው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በመካከል ባለ መረማመጃ እያረፉ መውረድ ነው። መረማመጃዎቹ የክሪስታሉ እንከኖች ናቸው፤ ይኸውም አቶም የጎደለበት ባዶ ቦታ፣ ያለ ቦታው የገባ አቶም ወይም ባዕድ አቶም ማለት ነው። በዚህ መንገድ የሚወጣው ብርሃን ጉልበቱ አነስተኛ ስለሆነ ዓይን በሚያየው ክልል ይወድቃል። ኦክሲጅን ባነሰበት ሁኔታ የጋለ ክሪስታል ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ያበራል፤ በውሃ ውስጥ የበቀለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ቢጫ ወይም ብርቱካን ያዘነብላል።

እንከኑ ጥቅም ላይ የዋለበት ጊዜም አለ። ዚንክ እንዲበዛበት ተደርጎ የተዘጋጀው ዚንክ ኦክሳይድ በ505 ናኖሜትር አካባቢ ሰማያዊ ያዘለ አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በጃፓን የተጀመረው፣ በኋላም በሒሳብ ማሽኖች፣ በመኪና ሬዲዮኖችና በቪዲዮ ማጫወቻዎች ላይ ቁጥር ያሳይ የነበረው አረንጓዴ ሰሌዳ በዚሁ ዱቄት የሚያበራ ነበር።

ስለ አረንጓዴው ብርሃን የተደረገው ክርክር

አረንጓዴው ብርሃን ከየትኛው እንከን እንደሚመጣ የተደረገው ምርምር ለመምህራን ልዩ ትምህርት አለው።

እ.ኤ.አ. በ1969 ዲንግል የተባለው ተመራማሪ ምንጩ በክሪስታሉ ውስጥ የገባ መዳብ መሆኑን አመለከተ። ክሪስታሉ እጅግ ሲቀዘቅዝ አረንጓዴው ብርሃን በሚጀምርበት ስፍራ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ የሁለቱ ብርታት ንጽጽርም በተፈጥሮ ካሉት ሁለት የመዳብ አይሶቶፖች መጠን ጋር ይስማማል። ይህ ጠንካራ ማስረጃ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1996 ቫንሂውስደንና ባልደረቦቹ ሌላ መልስ አቀረቡ። በዱቄት ናሙናዎች ውስጥ የአረንጓዴው ብርሃን ብርታት በማግኔታዊ ምርመራ ከሚታይ አንድ ምልክት ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ እንደሚል አሳዩ፤ ምልክቱንም ኦክሲጅን ለጎደለበት ባዶ ቦታ ሰጡት። ይህ አባባል በሰፊው ተቀባይነት አግኝቶ በብዙ ጽሑፎች እንደ ተረጋገጠ ነገር ሲጠቀስ ቆየ። ይሁን እንጂ ሌሎች ተመራማሪዎች ያ ማግኔታዊ ምልክት የኦክሲጅን ባዶ ቦታ ምልክት መሆኑን ተቃወሙ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ያኖቲና ቫን ደ ዋለ በኮምፒዩተር ባደረጉት ስሌት የኦክሲጅን ባዶ ቦታ የጉልበት እርከን ከአረንጓዴው ብርሃን ጋር እንደማይስማማ አመልክተው፣ ይልቁንም ዚንክ የጎደለበት ባዶ ቦታ ሊሆን እንደሚችል ገለጹ።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ሦስት ነው። አንደኛ፣ ሁለት ነገሮች አብረው ከፍና ዝቅ ማለታቸው አንዱ የሌላው ምክንያት ለመሆኑ በራሱ ማረጋገጫ አይሆንም። ሁለተኛ፣ በብዙዎች ዘንድ መደጋገም የማስረጃን ቦታ አይተካም። ሦስተኛ፣ መልሱ አንድ ብቻ መሆን የለበትም፤ በተለያየ መንገድ ያደጉ ክሪስታሎች አረንጓዴ ብርሃን የሚሰጡበት ምክንያት የተለያየ ሊሆን ይችላል። ስለዚህም ናሙናው እንዴት እንዳደገ ያልመዘገበ ተመራማሪ የለካው ብርሃን ምን እንደሚናገር ሊያውቅ አይችልም።

ስድስቱ ጎኖች እንደ መስታወት

የብርሃን ምርመራ የክሪስታሉን እንከን ብቻ ሳይሆን መጠኑንም ይነግራል። በለንደን በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ጉልላት ሥር በግድግዳው ጥግ የተነገረ ሹክሹክታ ዙሪያውን ተጉዞ በማዶ በኩል ይሰማል። በስድስት ጎኑ ክሪስታል ውስጥም ብርሃን እንዲሁ ይዞራል። የዚንክ ኦክሳይድ የብርሃን ስብረት መጠን ዓይን በሚያየው ክልል ወደ 2 ስለሚጠጋ፣ ከ30 ዲግሪ በላይ አጋድሎ ከውስጥ ወደ ጎኑ የመጣ ብርሃን ሁሉ መውጣት አይችልም፤ ሙሉ በሙሉ ይንጸባረቃል። ስድስቱን ጎኖች እየነካ የሚዞረው ጨረር የሚያርፈው በ60 ዲግሪ ነው፤ ስለሆነም እዚያው ይመላለሳል።

ሆኖም እየዞረ ሊበረታ የሚችለው የዙሪያው መንገድ በሞገዱ ርዝመት በሙሉ ቁጥር የሚከፈልለት ብርሃን ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። ከዚህ የተነሣ ሰፊው አረንጓዴ ብርሃን በመለኪያ መሣሪያ ሲታይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተከፋፈለ ይሆናል። የአንድ ጎን ስፋት 3 ማይክሮሜትር ቢሆን የብርሃኑ የዙሪያ መንገድ 5.2 ጊዜ 3፣ ማለትም 15.6 ማይክሮሜትር ነው። በ500 ናኖሜትር አካባቢ የሁለት ጥርሶች ርቀት 500 በራሱ ተባዝቶ ለ2 ጊዜ 15,600 ሲካፈል 8 ናኖሜትር ገደማ ይሆናል። ጎኑ 6 ማይክሮሜትር ቢሆን ርቀቱ ወደ 4 ይወርዳል። ስሌቱ ግምታዊ ነው፤ የስብረቱ መጠን ከቀለም ቀለም ስለሚለያይ እውነተኛው ርቀት ከዚህ ጥቂት ያንሳል። በጀርመን አገር የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ይህንኑ ክስተት በዚንክ ኦክሳይድ ዘንጎች ላይ በዝርዝር አሳይተዋል።

በክፍል ውስጥ ሊሠራ የሚችለው

በተን የማብቀል ዘዴ ለትምህርት ቤት አይሆንም። ምድጃው ውድ ከመሆኑም በላይ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ መርዝ ነው፤ የዚንክ ኦክሳይድ ጢስም በብየዳ ሠራተኞች ዘንድ የታወቀውን ትኩሳት ያስከትላል። የሚከተሉት ሦስት ሙከራዎች ግን እንደ ትምህርት ቤቱ አቅም ሊሞከሩ ይችላሉ።

ሀ. የቀለም ለውጥ። ጥቂት ዱቄት በሙከራ ቱቦ ውስጥ ማጋልና ማቀዝቀዝ። ተማሪዎች ለውጡን ከማየታቸው በፊት የ1240ን ስሌት ሠርተው ምን ዓይነት ቀለም እንደሚጠብቁ ይጻፉ።

ለ. ሁለት መብራቶች። የብር ኖት ለመመርመር ከሚሸጡት ትናንሽ መብራቶች አንዳንዶቹ 365፣ አንዳንዶቹ 395 ናኖሜትር የተጻፈባቸው ናቸው። የመጀመሪያው 3.4፣ ሁለተኛው 3.14 ኤሌክትሮን ቮልት ይሰጣል፤ ክፍተቱን ለመሻገር የሚበቃው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ዱቄቱ በነጭ ወረቀት ላይ መቀመጥ የለበትም፤ ወረቀቱ ራሱ ሰማያዊ ስለሚያበራ ተመልካቹን ያሳስታል። የጥቁር ሸክላ ስባሪ የተሻለ ነው። ወደ መብራቱ በቀጥታ ማየት ዓይንን ይጎዳል። የመድኃኒት ቤት ዱቄት ብርሃኑ እጅግ ደካማ ሊሆን ወይም ጭራሽ ላይታይ ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን ያልታየውን እንደታየ አድርጎ ማስጻፍ አይገባም። ለምን አልታየም የሚለው ጥያቄ ራሱ ወደ ክሪስታሉ አስተዳደግ ይመራል።

ሐ. ከውሃ ማብቀል። ይህ ለመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የሚስማማ ነው። በ100 ሚሊሊትር የተጣራ ውሃ 0.74 ግራም ባለ ስድስት ውሃ ዚንክ ናይትሬትና 0.35 ግራም ሄክሳሚን ሟምተው በተከደነ ጠርሙስ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት በ90 ዲግሪ ይቆያሉ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ፣ ሊፈላ የተቃረበ የውሃ መታጠቢያ የሚፈለገውን ሙቀት ይሰጣል። ከሄክሳሚን ፎርማልዴሃይድ ስለሚወጣ ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ስፍራ መከናወን አለበት፤ ዚንክ ናይትሬትም ከሚቀጣጠሉ ነገሮች መራቅ ይኖርበታል። ነጩ ዝቃጭ ታጥቦ 400 ጊዜ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ሲታይ ትንንሽ ዘንጎች ሊለዩ ይችላሉ። ስድስት ጎናቸውን አጥርቶ ለማየት ግን የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

ስለ ዚንክ ኦክሳይድ ሲነገር ከመጠን ያለፈ ተስፋ መስጠት አይገባም። ለኤሌክትሪክ መብራት የሚያስፈልገውን አዎንታዊ ሙል ተሸካሚ ዓይነት በአስተማማኝ ሁኔታ ማዘጋጀት አዳጋች ሆኖ ስለቆየ፣ በሰማያዊ መብራቶች ዘንድ ጋሊየም ናይትራይድን አልተካም። ለትምህርት ያለው ዋጋ ግን ከዚህ የተለየ ነው።

የመማሪያ መጻሕፍት አንድን ውሁድ በፎርሙላው ያስተዋውቃሉ። ፎርሙላው ግን ክሪስታሉ በምን ሙቀት፣ በምን አየርና በምን ፍጥነት እንዳደገ አይናገርም፤ ብርሃኑን የሚወስነው ደግሞ ይኸው ነው። ስለሆነም የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ሦስት ነገሮችን ቢያስቡባቸው ይጠቅማል። የዚንክ ኦክሳይድ የቀለም ለውጥ በኬሚስትሪ መጽሐፍ ሲጠቀስ ምክንያቱ በፊዚክስ ከሚሰጠው የብርሃን ጉልበት ትምህርት ጋር ቢያያዝ፤ በተማሪዎች የሙከራ መዝገብ ውስጥ ናሙናው እንዴት እንደ ተዘጋጀ የሚጻፍበት ቦታ ቢኖር፤ የአረንጓዴው ብርሃን ክርክርም በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ለውይይት ቢቀርብ።

በመጨረሻው ነጥብ ላይ አንዳንድ መምህራን ቅሬታ ሊያነሡ ይችላሉ። መልሱ ያልቆረጠ ጥያቄ ለፈተና አይመችም። ሆኖም መልስ ብቻ የተማረ ሰው መልሱ ሲለወጥ የሚይዘው ነገር ያጣል፤ ማስረጃ መመዘን የተማረ ግን አዲሱንም መልስ በዚያው ሚዛን ይመረምራል። ለሁለተኛው ዓይነት ትምህርት ደግሞ ጥቂት ነጭ ዱቄት፣ ሁለት ትናንሽ መብራቶችና ያየውን ብቻ የሚጽፍ ተማሪ ለመነሻ ይበቃሉ።